ያልበሳኋት ቀዳዳ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣ ከቤታችን ርቃ ስለ ቤታችን ለምታስበው፤

እንዴት ከረምሽ እናቴ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት፤ ድምጿም ደህና ነው፣ ከነጋ ጀምሮ እየሰማሁት ነው። የኔ ጉልበት ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። አሁን የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘግቻለሁ። በሦስተኛው «አባዬ፣ እዚያ ሰፈር እንዲህ ይዘንባል እንዴ?» ስትዪኝ አፈርኩ። በወረቀት ላይ ወሬ ማስቀየስ ይከብዳል፤ ደግሞም እናትሽ ከጀርባዬ ቆማ እያነበበች ነው።

ነገሩ ስለ አሮጊቷ፣ ስለ ሞተር ሳይክሌ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሸራ አልብሼ ጓሮ ካቆምኳት ወዲህ፣ የልብስ ሰፊዎቹን የስፌት መኪና ለመጠገን የምዞረው የመሣሪያ ቦርሳዬን ተሸክሜ በእግሬና በአውቶብስ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ጉልበቴ «ወይ እኔ ወይ ቦርሳው» አለኝ። እናትሽም «የራስዋ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ያንተ ነገር ነው፤ የሰው መኪና ስትፈታ የራስህ ዝጎ ሊያልቅ!» እያለች አላስቆም አላስቀምጥ አለችኝ። በመጨረሻ አሮጊቷን እየገፋሁ ሜካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውዬውን አታውቂውም፤ ጋራዡን የተከራየው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። ሰፈሩ «ዝምተኛው» ይለዋል። ሰላምታ እንኳን በአገጩ ነው የሚመልሰው።

ከመውሰዴ በፊት በስልክ ምን ላድርጋት ብዬ ስጠይቅሽ የመለስሽልኝን አልረሳሁትም። «ሞተሩን ቀይረው አባዬ፣ አታስጠግነው። እኔ የነካሁት ነገር አይድንም» አልሽኝ። እየሳቅሽ ነበር ያልሽው፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ያ ቃል ያንቺ አይደለም፣ የኔ ነው። ያኔ ፒስተኑን ቀይረሽ በገጠምሽው በአምስተኛው ቀን ሞተሩ መንገድ ላይ ሲጢጥ ብሎ ቀጥ ሲል፣ እየገፋሁ መጥቼ በራችን ላይ፣ ጎረቤቶቻችን ብረት በያጁና ባለሱቋ እየሰሙ፣ «ይቺ እጅ ሁለተኛ ብረት እንዳትነካ! የነካችው አይድንም!» ብዬ የጮኽኩብሽ እኔ ነኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንቺ እጅሽን ታጠብሽና ወደ ውስጥ ገባሽ። የጀመርሽውን የሜካኒክ ትምህርት ተውሽ፣ በሁለት ወሩ ደግሞ ሄድሽ። አሁን እዚያ ማዶ መጋረጃ ትሸጫለሽ። መጋረጃ መሸጥ ነውር የለበትም። ግን አንቺ በስምንት ዓመትሽ የቤቱን በር ቁልፍ ፈታትተሽ ሁላችንንም ውጭ ያዋልሽ ልጅ ነሽ፤ መጋረጃ ያንቺ ነገር አይደለም።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። ዝምተኛው መጀመሪያ ሌላ ሞተር አሳየኝ፤ ከተጋጨች የአሮጊቷ አምሳያ የወጣ፣ ንጹህ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ። «ይሄን በግማሽ ቀን እገጥመዋለሁ» አለ። «ያንተን ግን ከፈለግክ ከፍቼ ልየው።» ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ክፈተው አልኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ማየት የፈለግኩት ያንቺን ስህተት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ልክ ነበርክ የሚለኝ ነገር ስፈልግ ኖሬያለሁ መሰለኝ።

የሞተሩን ራስ፣ የላይኛውን ክዳን፣ ሲያነሳው ውስጡ ተፋፍቆና ጠቁሮ ተገኘ። ዘይት የሚባል ነገር ደርሶት የሚያውቅ አይመስልም። «አየህ?» ልለው አፌን ስከፍት ሲሊንደሩን ሳብ አድርጎ አወጣው። ፒስተኑ አዲስ ነው ማለት ይቻላል። የፒስተኑን ቀለበቶች አንድ በአንድ በጣቱ እየዳሰሰ አያቸው፤ የአንዱ ክፍተት ከሌላው ጋር ሳይገጥም፣ መሆን እንዳለበት ተራርቀው ተቀምጠዋል። ቀና አለና «ይሄን የገጠመው ማነው?» አለኝ። «ማንም ይሁን እጁ ይባረክ። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?» አለ። እኔ እዚያው የዘይት በርሜል ላይ ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ ጋስኬቷን ላጣት፤ ሲሊንደሩ ሥር የምትነጠፈውን ያቺን ስስ ካርቶን። ወደ ብርሃን አዙሮ አገላበጣት። «የዘይቱ ቀዳዳ የለም» አለ። «ዘይቱ እዚህ ጋ ታፍኖ ላይኛው ክፍል በደረቁ ነው የነደደው። ይሄን ከጫማ ካርቶን የቆረጠው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ያ ጠንቃቃው አይደለም።»

ልጄ፣ ያን ቀን ታስታውሻለሽ? አንቺ «ጋስኬቱን ከመለዋወጫ ሱቅ ላምጣ» ስትዪ፣ «ሠላሳ ዓመት በመቀሴ የቆረጥኩ ሰው ቆሜ ለካርቶን ሱቅ አይኬድም» ብዬ የእናትሽን አዲስ ጫማ ካርቶን የቀደድኩት እኔ ነኝ። ለብሎኖቹ አራት ቀዳዳ በሳሁ። አምስተኛዋን፣ ትንሿን፣ የዘይቱን፣ ረሳኋት። አንቺ ጨርቅ ይዘሽ ስትመለሺ ጋስኬቷ ግሪስ ተቀብታ ቦታዋን ይዛለች። «ቀዳዳዎቹን አየሃቸው አባዬ?» አልሽኝ። «አባትሽን ልትፈትኚ ነው?» አልኩሽ። አንቺም አመንሽኝና ሲሊንደሩን ከላይ አስቀመጥሽ።

የሚያሳፍረው ገና አሁን ይመጣል። ዝምተኛው «ይጠገናል፤ የሞተሩን ራስ ብቻ ነው የምንቀይረው፣ ሌላው ጤነኛ ነው» ብሎ መልሴን ሲጠብቅ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አይ፣ ያንን የተጠቀለለውን ግጠምልኝ። ይሄን ብረት ሰብሳቢዎቹ ይውሰዱት» አልኩት። ገባሽ አይደል? አሮጌው ሞተር ከሄደ ጋስኬቷም አብራው ትሄዳለች። አንቺ ራስሽ ቀይረው ብለሽኛል፤ ታዲያ ማን ይጠይቀኛል? ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ሆዴ ግን እሺ አላለም። በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ እናትሽ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጨው አነሰ፣ ጨው በዛ አላልክም። ወይ ታመሃል ወይ አጥፍተሃል» አለችኝ። ነገርኳት። ጣራው እስኪነሳ የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። እስከ መጨረሻው አዳምጣኝ «ሳይወስዱት ሂድ» አለች። ምሳዬን ትቼ፣ ጉልበቴንም ሳላማክር ወጣሁ።

ስደርስ ሞተሩ የብረት ሰብሳቢዎቹ ጋሪ ላይ ተጭኗል። «አውርዱት! አውርዱት!» እያልኩ ስሮጥ ሌባ የተያዘ መስሏቸው ሰዎች ወጡ። ትንሽም አልተሳሳቱም። ዝምተኛው በአገጩ ምን ሆነሃል አለኝ። «ይጠገንልኝ» አልኩት። «ካርቶኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ያ ጠንቃቃው ደግሞ ልጄ ናት።» «ሴት ልጅህ?» አለ። «አዎ፣ ሴት ልጄ» አልኩ፤ እንዴት ደስ እያለኝ እንዳልኩት ብታይ! እሱም እጁን እየጠራረገ፣ «ቀዳዳ የሚረሳ ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ መጥቶ የሚናገር ግን አላየሁም» አለና ሞተሩን ከጋሪው ላይ አቅፎ አወረደው።

በዚያው እግሬ ወደ ባለሱቋና ወደ በያጁ ሄድኩ። በሰው ፊት ያልኩትን በሰው ፊት ማንሳት አለብኝ ብዬ ነው። «ኧረ እኛማ ያኔውኑ ረስተነዋል» አለችኝ፣ ደግነቷ ነው። በያጁ ግን ጥቁር መነጽሩን ወደ ግንባሩ አንስቶ፣ «እኔ አልረሳሁትም» አለ። «ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም የምልህ ለጉርብትና ብዬ ነው። እንኳን መጥተህ ነገርከኝ።» ይህንንም ዋጥኩት፤ ይገባኛል። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ለብቻዬ እስቅ ነበር። ጥፋተኛ ሆኜ እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም፣ ልጄ። ያንቺ ጥፋት ነው ብዬ የኖርኩባቸውን ቀናት ሁሉ አንድ ላይ ያወረድኳቸው ያህል ነው።

አሮጊቷ ዛሬ ጠዋት ተነሳች፣ በሁለተኛው ርግጫ። ጋስኬቱ ከሱቅ የመጣ ነው፤ ዝምተኛው መቀሱን ከእጄ ነጥቆ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። የሞተሩ ራስ ተቀየረ እንጂ ፒስተኑም ቀለበቶቹም አንቺ እንዳደረግሻቸው ናቸው፤ «ይሄ አይነካም» አለኝ። እስከ ልብስ ሰፊዎቹ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፤ ዳገቱን ሳትነጫነጭ ወጣችው። አሮጌዋን ጋስኬት እናትሽ ፖስታው ውስጥ ክተታት ብላኛለች። ዘይቷ ወረቀቱን ካበላሸው እሷን ውቀሺ።

ተመለሺ ልልሽ አይደለም የጻፍኩት። ትምህርትሽን ቀጥዪ የማለትም አፍ የለኝም፤ ያስተውኩሽ እኔ ነኝና። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ቀጥሎ ያለውን መስመር በልብሽ አታንብቢው። ተነስተሽ ቁሚና፣ ሰው ቢሰማም ይስማ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ያኔ እኔ የተናገርኩት ጮኼ ነበርና።

የኔ እጅ ምንም አላበላሸችም፤ ያበላሸው አባቴ ነው።

የጀመርሽው ይስመርልሽ፣ ክፉ ቃል ይራቅሽ፣ ከኔ አፍ የሚወጣውም ቢሆን። ፈጣሪ ከደግ ሰው ያገናኝሽ።

ይቅርታሽን ሳይቸኩል የሚጠብቅ
አባትሽ