ልጄን ከሌባ ጋር ለቆለፉልኝ፣ የከበረ ምስጋና

ይድረስ ለተከበራችሁ፣ ስፓም የሚባለውን የማጭበርበሪያ ኢሜይል ለምታግዱ የጥቁር መዝገብ ጠባቂዎች፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እጃችሁ አይዛል፣ ዓይናችሁ አይፍዘዝ፤ በር የሚዘጋ ሰው ብርቱ መሆን አለበትና። እኔ የቢቸናዋ ይርጋነሽ እስከ ሰባተኛ ክፍል የተማርሁ ነኝ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

መርዶው የደረሰኝ ማክሰኞ ማለዳ ነው። ቄስ ወልደ ሰንበት ከሽማግሌዎች ጋር ጎህ ሳይቀድ ደጄ ላይ ሲቆሙ፣ ሳይናገሩ ገባኝ። ልጄን ጸደንያን ባሏ ሞጣ ላይ ራሷን በመጥረቢያ ፈልጧት አድሯል። መጥረቢያውን ለጎጆ መውጫቸው የገዛሁላቸው እኔ ነኝ። የደረስሁት ከተገነዘች በኋላ ነው፤ ፊቷን ልየው ብል ሴቶቹ እጄን ያዙኝ። የሚታይ ፊት አልነበረም።

ይህ እኛን ምን ያገባናል ትሉ ይሆናል። ትሑት አቤቱታዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ባሏ ስልኳን ሰብሮባት ስለነበር፣ ጸደንያ ከምትሠራበት ቢሮ ኮምፒውተር ለአንድ የሴቶች መጠለያ በኢሜይል ጻፈች፤ ሊገድለኝ ነውና ተቀበሉኝ ብላ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ በእንግሊዝኛ፣ ተቀባይነት አላገኘም የሚል። ማሽን የመለሰው መሆኑን ማን ይንገራት? መጠለያው ያባረራት መሰላት። በጎረቤት ስልክ ደውላ፣ “እምዬ፣ አንፈልግሽም አሉኝ እኮ” አለችኝ። ወደ እኔ ብትመጣ ቤቴን ከነነፍሴ እንደሚያቃጥለው ዝቶባታል። ስለዚህ ወደ እሱ ተመልሳ ገባች። ስለ መልሳችሁ ፍጥነት አመሰግናለሁ፤ መጥረቢያው እንኳ ጥቂት ዘግይቷል።

ሁለተኛ። የቢሮዋ የኮምፒውተር ባለሙያ ዘመነ ከቀብሩ በኋላ አስረዳኝ። “እማማ፣ ኢንተርኔት የሚሸጥልን ድርጅት አጭበርባሪዎችን እያወቀ ያስጠጋል። የጥቁር መዝገቡ ጠባቂዎች ደግሞ ድርጅቱ እስኪያባርራቸው ብለው ደንበኛውን ሁሉ፣ የእኛንም ቢሮ ጨምረው፣ መዝገብ ላይ አሰፈሩት። መጠለያውም መዝገቡን ስለሚከተል ደብዳቤዋን ማንም ሰው አላየውም” አለኝ። ድርጅቱን አልምረውም፤ ለሌባ አከራይቶ የሚበላ ራሱ ሌባ ነው፤ ይቀጣ። ግን የተፈለጠው የድርጅቱ ራስ አይደለም።

ሦስተኛ። አያቴ ስለ አፈርሳታ ይነግሩን ነበር። ከብት ሲሰረቅ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ታግዶ ይውላል፤ ጻድቁም ከኃጥኡ ጋር ይራባል። ጭካኔ ነበር፤ ይሠራም ነበር። ሆኖም የታገደው መታገዱን ያውቃል፣ አጋጁም ፊት ለፊት ቆሞ ይታያል፣ ምጥ የያዛት ሴት ስትጮህም መንገድ ይለቀቅላታል። እናንተ ሥልጡኖች ስለሆናችሁ፣ ጩኸት የማይሰማበት አፈርሳታ ሠራችሁልን። አጭበርባሪዎቹስ? በዚያው ሰሞን አድራሻ ቀይረው ሄደዋል። እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ሌባው አመለጠ፣ ታጋቿ ታረደች።

ገዳዩ እስር ቤት ነው። በዚያው መጥረቢያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ብቆርጣቸው ደስ ይለኛል በማለቴ ቄሱ ተቆጥተውኛል። ለእናንተ የምመኘው ግን ጨዋነት ያለው ነው፤ ቤታችሁ ሲነድ ድረሱልኝ ብላችሁ ስትጮኹ፣ “ሠፈራችሁ ሌባ አለበት” የሚል ፈጣን መልስ ይድረሳችሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስትዘጉ፣ የዘጋነው እኛ ነን፣ የጻፍሽላቸው ሰዎች አላዩትም፣ በሌላ መንገድ ሞክሪ ብላችሁ በሰው ቋንቋ ጻፉ። ልጄ ይህን ብታነብ ኖሮ ወደዚያ ቤት አትመለስም ነበር።

ከእግራችሁ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ላልሠራችው ጥፋት የታገደችው የጸደንያ እናት፣
ይርጋነሽ፣ ከቢቸና

ማስታወሻ፦ መልስ ብትጽፉልኝ እቀበላለሁ፤ ጎረቤታችሁ ማን እንደሆነ አልጠይቅም። እናንተ አንባቢዎች ደግሞ፣ የልጄ የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነውና፣ ስትጸልዩ አስቧት፤ ነፍስ ይማር በሉልኝ። ወደዚያ የሚላክ ልመና በሌላ ሰው ኃጢአት አይመለስም።