ሦስተኛው አልጋ ጋ ለቀረሽው

ውድ ናቲቪዳድ፣

አይ፣ ትምህርቷን አቋርጣ ትምጣ ያልኩት እኔ አይደለሁም። እኔማ የልጅ ልጄ ነርስ ሆና ሳላይ አልሞትም ብዬ ሰፈሩን ሁሉ ያደነቆርኩ ሴትዮ ነኝ። አንቺስ ታውቂዋለሽ፤ ግን የሰው አፍ አይታመንም ብዬ ነው ከዚህ የጀመርኩት።

ይሄን የምጽፈው እዚህ ቤት ላለችው ናቲቪዳድ አይደለም። እሷ ማድ ቤት ናት፤ ይኸው ውሃው ይሰማኛል፣ ያንኑ አንድ ሳህን ደጋግማ ታጥባለች። የምጽፈው ሳን አንቶኒዮ፣ ኮሌጁ ውስጥ፣ መለማመጃው ክፍል ለቀረሽው ለአንቺ ነው። የደነገጠ ሰው ነፍሱ የደነገጠበት ቦታ እንደምትቀር ታውቂያለሽ። ልጅ ሆነሽ የመስኖው ቦይ ውስጥ የገባሽ ጊዜ፣ ውሃው ዳር ቆሜ በስምሽ እየጠራሁ ነው የመለስኩሽ።

መምህርት ኦስትሊ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ድረስ መጥታ፣ በአስተርጓሚ፣ "ሆስፒታሉ በእናንተ ሰው ሞልቷል፤ በስፓኒሽ ሲያቃስቱ የሚሰማቸው ነርስ ግን የለም። ልጆቻችሁን ስጡኝ" ስትል ቀድመሽ እጅሽን ያወጣሽው አንቺ ነበርሽ። አባትሽ ቤቶ ደግሞ፣ "ሴት ልጅ ለብቻዋ ከተማ ምን ትሠራለች? ብርቱካን ማሸጊያው ምን አጎደለባት?" አለ።

"አንተ የምታሽገው ብርቱካን እስካሁን ስንት ሰው አዳነ?" አልኩት። አዳራሹ በሳቅ አለቀ። ልጄ ነው፣ እናገረዋለሁ።

ከዚያ ያ ሦስተኛው አልጋ ላይ የምትለማመዱበት፣ በማሽን የሚተነፍሰው የጎማ ሰውዬ መጣ። ፈተናው ላይ መምህርቷ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ገደለችው፤ ያው ቁልፍ ሲጫኑ ነው የሚሞተው። ሌሎቹ ሰዓታቸውን አይተው የሞተበትን ደቂቃ ጻፉ። አንቺ ግን ሄደሽ መስኮት ከፈትሽ። እኛ ቤት ሰው ሲሞት ነፍሱ መውጫ እንዳታጣ መስኮት ይከፈታል፤ እጅሽ ለምዶታል፣ ምን ታደርጊ። ሳቁብሽ። አንዱማ፣ እነሱ ባወጡልሽ ስም፣ "ናታሊ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው፣ የት ሊሄድልሽ ነው?" አለ።

ያኔ ነው የጎማው ሰውዬ በኛ ቋንቋ፣ "እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ" ያለሽ።

ከመስታወቱ ጀርባ ሆና በእሱ አፍ የምትናገረው መምህርቷ ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ ያኔ በስፓኒሽ ደህና ዋሉ ማለት እንኳ አታውቅም ነበር።

እዚህ ያለችው በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ቃሪያውን እንደ ዳቦ ትገምጣለች፣ ዓይኗ እንባ አያቀርም። ውሻው ካኔሎ መኪናው ስር ገብቶ አልወጣም አለ። እሷ የገዛ እጇን አንጓ ይዛ ቁጭ ትላለች።

"ምን እየፈለግሽ ነው?" ስላት፣

"የልብ ምቴን፣ እማማ። የለም" ትለኛለች።

እኔ ስይዘው ይመታል። ግን ከሩቅ ነው፤ ጎረቤት ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ እንደሚል ሰው ኮቴ። ቤቶ "ደክሟት ነው፣ ሰኞ ማሸጊያው ትገባለች" ይላል። ኮሌጁም ሰኞ ካልተገኘች ቦታዋን ለሌላ ይሰጣል። ሁሉም ሰኞ ነው የሚጠብቃት።

ባለፈው መምህርቷ ደወለች። ስፓኒሽ መማር ጀምራለች፤ ስታወራ ጠጠር የምታኝክ ትመስላለች፣ ግን ትታገላለች።

"ዶኛ ቻዮ፣ እንዳይስቁብኝ" አለችኝ። "ናታሊ ከሄደች ወዲህ ጠዋት ክፍሉን ስከፍት ሦስተኛው አልጋ ተነጥፎ ነው የማገኘው። አንሶላው ጥግ ጥጉን ልክ እሷ እንደምታጥፈው ታጥፏል። ቁልፉ ያለው ደግሞ እኔ ጋ ብቻ ነው።"

"መስኮቱስ?" አልኳት።

"ክፍት ነው።"

"ጤና አዳም ይዘሽ፣ የተወችውን ልብስ አልጋው ላይ ዘርግተሽ፣ ልብሱን በቅጠሉ እየጠረግሽ ጥሪያት" አልኳት። አልሳቀችም። አርብ ዕለት አደረገችው። "ናታሊ፣ ነይ፣ እዚህ አትቅሪ" ብላ ጠራች። ምንም የለም። ታዲያ ማን ይምጣ? ናታሊን ማን ወለዳት አልኳት መልሳ ስትደውል።

"ስሟ ናታሊ አይደለም እንዴ? ስጠራት ሁሌ አቤት ትለኝ ነበር" አለችኝ።

"አቤትማ ትላለች። በጨዋ ደንብ አሳድገናታል።"

ስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት። "በቃ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ አንቺ አልጋው አጠገብ ቆመሽ ጮክ ብለሽ ታነቢላታለሽ" አልኳት። ስለዚህ መምህርቷ ስታነብልሽ ብትንተባተብ ታገሻት።

መጀመሪያ ፈርተሽ የቀረሽ መስሎኝ ነበር። ግን የፈራ ሰው አልጋ ያነጥፋል? የሚቀጥለው በሽተኛ በንጹህ አንሶላ ይተኛ ብሎ ያስባል? የፈራችውማ ሻንጣዋን ይዛ እዚህ የመጣችው ናት። አንቺ ሥራሽን ወደሽ ነው የቀረሽው። እና ወደ ቤትሽ ግቢ፣ ከእኔ ጋር ኑሪ አልልሽም። ብናፍቅሽም አልልም። ነይና ውሰጃት። ይዘሻት ተመለሽ። አባትሽን ለእኔ ተይው፣ እኔ ነኝ የወለድኩት። ሰኞ አንድ ሰው ሆናችሁ ክፍል ግቡ፤ ስም ሲጠራም ሙሉውን ካልጠሩት ዝም በሉ።

በይ እንግዲህ፣ እኔ ባወጣሁልሽ ስም። ናቲቪዳድ ሳሊናስ፣ ነይ፣ እዚያ አትቅሪ። ናቲቪዳድ ሳሊናስ፣ ነይ። ናቲቪዳድ

ቆይ፣ ውሃው ቆመ። ማድ ቤት ያለችው እየጠራችኝ ነው።

"እማማ፣ በር ላይ ሰው አለ።"

"ማነው?"

"እኔን ትመስላለች። የነርስ ልብስ ለብሳለች። ከመንገድ የመጣች ነው የምትመስለው፣ ደክሟታል። ልክፈትላት?"

አይ፣ አንቺ አትክፈቺ፣ እኔ መጣሁ አልኳት። መምህርቷ ይሄን ማንበቧ ቀረ ማለት ነው። አንቺ በር ላይ ያለሽው፣ ቁሚ ልጄ፣ እንዳትመለሺ፤ እየመጣሁ ነው።