የነፍስ አባቴ ያመለጣቸው ቃል

መጋቢት ፲፬፣ ደብረ ብርሃን

አከርካሪዬ በብረት ከታሰረ አምስት ሳምንቴ ነው። የሆስፒታሉ ወረቀት በእንግሊዝኛ ስለሆነ በስተርጅና የተማርኩት ፊደል አልረዳኝም። ልጄ የሺ ሁለቱን ገጽ አይታ፣ «ለሦስት ወር አትጎንበሺ ነው የሚለው፣ እማዬ» ብላ አጠፈችው። ይህን ለማለት ሁለት ገጽ?

ዛሬ የነፍስ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ለሰሞነ ሕማማት ስግደት እደርስ እንደሆነ ገና ሳልጠይቃቸው፣ «ወለተ ማርያም፣ ከእንግዲህ ስግደት ቀርቶልሻል፤ በጸሎት ተክቼልሻለሁ» አሉኝ። ዘንድሮ አላሉም፤ ከእንግዲህ ነው ያሉት። የሺ ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸውም መስቀል አሳልመውኝ ተጣድፈው ወጡ።

«ምን ነግረሻቸዋል?» አልኳት።

«ምንም! አባ እኮ አርጅተዋል፣ አፋቸው ስቶ ነው።»

ቅዳሴውን ሙሉ በቃላቸው የሚዘልቁት ሰውዬ፣ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ሳቱ።