በየመስከረሙ የሚመጣው ዘር

ቦርንሆልም፣ ነሐሴ

ውድ ወንድሜ ኢቨር፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አንዱ ላይ ሰድቤሃለሁ፣ አንዱ ላይ ይቅርታ ጠይቄሃለሁ። የቱ የልቤ እንደሆነ አላውቅም፤ የሆነውን ብቻ ልንገርህ።

እማማን በቀበርን ማግስት ከገበያ ስመለስ መስኮቷ ፊት ለፊት የነበረው የሮን ዛፍ ተቆርጦ ተጋድሞ አገኘሁት። ቀይ ፍሬውን እያየች ደስ ይላት የነበረው ዛፍ! አንተ መጋዝ ይዘህ ቆመሃል። ልታስረዳኝ አፍህን ስትከፍት «ሁለተኛ በዚህ በር እንዳትገባ!» ብዬ ዘጋሁብህ። ይኸው አስራ አንድ ዓመት።

ከዚያ በየመስከረሙ ከኮፐንሃገን ፖስታህ ይመጣል። ሰላምታ እንኳ የለውም፤ ሰሊጥ የሚያካክሉ ቡናማ ዘሮች ብቻ። የመጀመሪያውን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ሌሎቹን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳቸው። ለምን እንዳላቃጠልኳቸው አትጠይቀኝ።

አምና ጡረታ ወጥቼ ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ዘር ከእርጥብ አሸዋ ጋር ቀላቅዬ በአበባ ሸክላ ደጅ ተውኩት። ክረምቱን ሙሉ ውርጭ ሲመታው ቆየና ሚያዝያ ላይ ብቅ ብቅ አለ። ምን እንደሆነ ግን ግራ ገባኝ። ወደቡ አጠገብ ችግኝ የምትሸጠው ዳግማር ዘንድ ወሰድኩት።

«የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ምንም አይናገሩም» አለችኝ። «ጎርመስ ሲል አምጪው።»

ሰኔ ላይ ተመለስኩ። የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ አውጥቷል።

«እንጆሪ ነው እንዴ?» አልኳት።

«ይሄ እንጆሪ ከሆነ እኔም ሙሽራ ነኝ!» ብላ ሳቀች። «ሮን ነው እንጂ። የእናትሽ ዛፍ የልጅ ልጅ።»

«የእናቴ ዛፍ እኮ ተቆርጧል።»

«እሷ በሰጠችኝ ዘር ያበቀልኩት ይኸው ደጄ ላይ አይደል? ኢቨር በየዓመቱ እየመጣ ከሱ ይለቅማል። ፍሬውን እዚሁ ወንፊት ላይ አሽቶ፣ ዘሩን አጥቦ አድርቆ ይሄዳል።»

«እዚህ ደሴት ድረስ ይመጣል?»

ዳግማር ደነገጠች። «የምታውቂ መስሎኝ! ያ ዛፍ እኮ ውስጡ በስብሶ ነበር። ‹ዓይኔ እያየ አይሆንም፤ ስሞት ግን ቤቱ ላይ ሳይወድቅ ቁረጠው› ብላ ኢቨርን አደራ ያለችው እናትሽ ናት።»

ችግኙን ታቅፌ እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላስታውስም። ይህን ሁሉ ዓመት የተሸከምኩትን ቂም አሁን የት ላድርገው? የምናደድበት ምክንያት የለኝም፤ ግን ተናድጃለሁ። አንድ መስመር መጻፍ እንዴት አቃተህ? እኔስ «ለምን ቆረጥከው?» ብዬ መጠየቅ እንዴት አቃተኝ? ከደጄ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ተቀምጠህ ፍሬ እያሸህ ተመለስክ? ዘሩ ይቅርታ ነው? ወቀሳ ነው? ወይስ «ትከይው» ማለትህ ብቻ ነበር?

በመስከረም የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በቀትሩ መርከብ እንደምትመጣ ዳግማር ነግራኛለች። ወደቡ ላይ እቆማለሁ። እጮህብህ ይሆናል፣ አለቅስ ይሆናል፤ ገና አላወቅኩትም። ብቻ ስታየኝ ወደ መርከቡ እንዳትመለስ። ምሳ ሠርቼ ነው የምመጣው፣ የሁለት ሰው።

እህትህ
ቶራ