ባነሩ ላይ ያለችው ልጅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ምሳ ሰዓት።

ከጠዋት ጀምሮ አራተኛ ፊት። የአስኮ ሙሽራ ናት። ቆንጆ፣ ጠይም፣ ግንባሯ ላይ ትንሽ ጠባሳ ያላት። ጠባሳው ጠፋ። ጠይምነቱም ጠፋ። እናትየው ከኋላዬ ቆመው ትንሽ ቅላት ጨምሪበት ይሉኛል። ጨመርኩ። አሁን ስክሪኑ ላይ ያለችውን ሴት ሙሽራው መንገድ ላይ ቢያገኛት ሰላም ሳይላት ያልፋል።

ደብተሬ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ 18 ማዞሪያ ፎቶ ቤት ተቀምጬ የሰው ፊት አጥባለሁ። ባለቤቱ ደረጀ አንድ ሕግ አለው። ሴት ጠየቀችም አልጠየቀችም አንድ ደረጃ ትቅላ። ወንዶቹ እንዳሉ ይሂዱ፤ ወንድ የሚታወቀው በሥራው ነው ይላል። እሱ በምን ሥራ እንደሚታወቅ እስካሁን አልገባኝም።

ግድግዳው ላይ ያለው ቲቪ ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል። ማስታወቂያ። ሴትየዋ ዘይት ቀየረች፣ ባል ሳቀ። ሳሙና ቀየረች፣ ባል አቀፋት። እንደ ወረቀት የነጣች፣ እጇ ሽንኩርት ልጦ የማያውቅ። ሰው ልብስ እያጠበ እንደዚያ ጥርሱን ሲያሳይ የት አይተሽ ታውቂያለሽ? ድራማው ደግሞ ይብሳል። ጠቆር ያለችው ሁልጊዜ ሠራተኛዋ ናት። እሺ እትዬ ብላ ትወጣለች፣ አለቀ። እናቴ መልክ ታጥቦ አይጠጣም ትል ነበር። ይሄ ዕቃ ግን በየአሥር ደቂቃው እየቀዳ ያጠጣናል። ጠላሁት። ሥራ ልቀጥል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6። 10 ሰዓት።

የቤ/ክ ሥራ መጣ። መዘምራናችን የመጀመሪያ ክሊፓቸውን ሊቀረጹ ነው፣ ለቲቪ። ከዚያ በፊት በሩ ላይ የሚሰቀል ባነር ይፈልጋሉ። አሥራ አራት ልጅ፣ ሰማያዊ ልብስ። መሐል ላይ የኔዋ፣ ጸጋ። 17 ዓመቷ። መሪ ዘማሪ። እናቷ ስለሆንኩ አይደለም፤ ያቺ ልጅ ስትዘምር ግቢው ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ ሳሉን ይውጣል።

በአንድ ሰዓት ጨረስኩት። እጄ ለምዷል። ፊት፣ ብሩሽ፣ ቀጣይ ፊት። የመዘምራኑ መሪ ወ/ም ናትናኤል በስልክ አየው። ተባረኪ አለኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10። ከሰዓት።

ባነሩ ተሰቅሏል። የራሴን ልጅ ለመለየት ሁለት ጊዜ ማየት ነበረብኝ።

አቅልቻታለሁ። ስሠራው አላስተዋልኩም፣ እውነቴን ነው። አሥራ አራት ፊት ነበር፣ አንዱ የልጄ ነበር፣ እጄ አልለየውም። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ መጥተው ጸጋ እንዴት አምሮባታል፣ ምን እየቀባሻት ነው አሉኝ። ሳቅሁ። ምን ያስቀኛል?

ጸጋ ከባነሩ ሥር ብዙ ቆመች። ምሳዋን ግን ደህና በላች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12። ማምሻ።

ቀረጻው እሑድ ነው፤ ቀራጮቹ ልምምድ ሊያዩ መጡ። ዳይሬክተር ተብዬው ኮፍያውን አዙሮ ያደረገ ጎረምሳ ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው፦ ባነሩ ላይ ያለችው ልጅ የታለች? ጸጋ ፊቱ ቆማለች። እኔ ነኝ አለችው። አያት። ወደ ናትናኤል ዞረ። ሹክሹክታ።

ውሳኔው ይኸው። ፊት የምትቆመው ማርታ ናት። ማርታ ቀይ ናት፤ ደግ ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ግን ዘይት ካጣ በር አይሻልም። ጸጋ ከኋላ ትዘምራለች፣ ማርታ ከፊት አፏን ታንቀሳቅሳለች። ምክንያቱ መብራት ነው አሉ። ካሜራው ጠቆር ያለ ፊት አይወድም። ምስኪን ካሜራ፣ የስንቱን ኃጢአት ተሸከመ።

ናትናኤል ጸጋን ለብቻዋ ወስዶ አገልግሎት መታየት አይደለም፣ ለጌታ ክብር ነው ብሏታል። መታየት ካልሆነ ታዲያ ቲቪው ምን ይሠራል? ማንም አልጠየቀውም። እኔም አልጠየቅሁትም። ቦርሳዬን አቅፌ ወንበሬ ላይ ቁጭ። ንቄዋለሁ፣ ራሴንም ንቄያለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15። ጠዋት፣ 3 ሰዓት፣ ፎቶ ቤት።

የጸጋ ጉንጭ ተላልጧል። ሁለት ቦታ፣ የተቃጠለ የሚመስል። ነፋስ ነው አለችኝ። ባኞ ቤት ገብቼ ከሳሙናው ጀርባ የክሬም ቱቦ አገኘሁ። ላዩ ላይ ግማሽ ፊቷ ጥቁር፣ ግማሽ ፊቷ ነጭ የሆነች ሴት። እዚሁ ማዞሪያው ላይ ኪዮስክ ውስጥ ከስሊፐርና ከባትሪ ድንጋይ መሐል የሚቸበቸበው ነው። ስልኳ ላይ አንዷ ከንፈሯን አሹላ በሰባት ቀን ታበሪያለሽ እያለች ታስተምራለች። ስንት መቶ ሰው ልብ ሰጥቷታል።

ጮህኩ። ፈጣሪ የሠራውን ፊት፣ መርዝ፣ ነገ ካንሰር፣ ሙሉ ስብከት። አስጨረሰችኝና፦

«እማ፣ አንቺ በማውስ ያደረግሽውን ነው እኔ በእጄ ያደረግሁት።»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቲቪውን እሰድባለሁ። ቲቪው ቢያንስ ልጄን አያውቃትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16። ከሰዓት፣ ቤት።

ጠዋት ዋናውን ፋይል ከፈትኩ። ጸጋ እንዳለች። ጠይም። የአባቷ ሰፊ ግንባር። ፍንጭቷ።

ፍንጭቷንም ደፍኜው ነበር፣ ደብተሬ። ሰው ፍንጭት እየዘፈነ ባደገበት አገር የልጄን ጥርስ እንደ ግድግዳ ቀዳዳ ደፈንኩት። ማስታወቂያ ላይ ፍንጭት ስለሌለ። አለቀስኩ። ደንበኛ ነበረ፣ ግድ አልሰጠኝም።

አሥራ አራቱንም መለስኩ። ማርታ ብጉሯን አገኘች። አዲስ ባነር አተምኩ። ደረጀ የቤቱን ስም ታጠፊያለሽ አለ። እንግዲያው ስምህን ከሥሩ አንሳው አልኩት። አነሳው። ፈሪ።

ቤት አምጥቼ አልጋው ላይ ዘረጋሁላት። ይቅርታ አልኳት፣ በቀጥታ። ጎንበስ ብላ አየችው። ነገ እንስቀለው ወይ አልኳት። እሱ ይቆይ፣ አንቺስ አለችኝ። ስልኬን ጠቆመች። የቴሌግራም ፎቶዬ ላይ ያለችው ሴት 25 ዓመት አይሞላትም፤ እኔ 43 ነኝ። የሠራኋት እኔ ነኝ። ረስቼው ነበር።

አጠፋኋት። በይ አንሺኝ አልኳት። መስኮቱ ጋ ቆምኩ፣ በታጠበ ፊት። ዓይኔ ሥር ከረጢት፣ ጥቁረቴ ጥቁረት። ጣቴ ሳላዝዘው ወደ ማስተካከያው ሄደ። ስልኩን ነጠቀችኝና እንዳለ ለጠፈችው። ከዚያ ሳቀች። ከስንት ቀን በኋላ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17። ጠዋት፣ 1 ሰዓት ተኩል።

ቱቦውን ራሷ ጣለችው። ጉንጯ ገና አልዳነም፣ ዛሬ በቀረጻውም ይታያል። ይታይ አለች።

ናትናኤልን እኔ ላናግረው ብላት እንቢ አለች። የምትለውን አዘጋጅታለች፣ አጭር ነው። አሮጌው ይውረድ፣ ይሄ ይሰቀል። ወይ ፊት ቆማ ትዘምራለች፣ ወይ አትዘምርም። ለማርታ ደውላላታለች፤ ማርታም እፎይ ብላለች፣ ሌላ ሰው እየዘመረ አፏን ማንቀሳቀስ አሳፍሯት ነበር። ዳይሬክተሩ ለካሜራው ያስረዳ።

ነገ ለደረጀ የምለውን አውቄዋለሁ። ሳትጠይቀኝ አንዲትም ሴት አላቀላም። ከፈለገ ሌላ አጣቢ ይፈልግ።

ባነሩን ጠቅልላ በብብቷ ይዛ በር ላይ ትጠራኛለች። ያ ድምፅ በቲቪ የሚወጣ ከሆነ ከባለቤቱ አፍ ይወጣል። ከነፍንጭቱ።