የ«ሲስተር ጠጡ» ሁለት ብርጭቆዎች

«ሲስተር ጠጡ» በሚለው ቅጽል ስማቸው የሚታወቁት ዘመዳችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። የሚከተሏቸው አንዲት እህታቸው ብቻ ናቸው። ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1971 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁ፤ በከተማቸው ሆስፒታልም ሥራ ጀመሩ።

በ1976 ዓ.ም. የሆስፒታሉን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አገቡ። ትዳራቸው የሰመረ ነበር፤ ልጅ ግን አላገኙም። በሰባተኛው ዓመት ባለቤታቸው ታመው ለአንጀት ምርመራ ተኙ። ከምርመራው በፊት አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት አራት ሊትር መጠጣት ነበረባቸው። ሁለት ጊዜ «አልጸዳም» ተብለው ተመለሱ። በኋላ እንደታወቀው፣ መጠጣቱ ሲያቅታቸው ለመናገር አፍረው መታጠቢያው ውስጥ ይደፉት ነበር። ሲስተር በዚያው ሕንጻ፣ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው ተረኛ ነበሩ። ሦስተኛው ምርመራ ሲሳካ በሽታው ሥር ሰዶ ቆይቷል።

ባለቤታቸውን ቀብረው ከሐዘናቸው ሲመለሱ፣ ሟቹ ተኝተውበት ወደነበረው ክፍል እንዲዛወሩ ጠየቁ። ከአሥር ሕሙማን አራቱ ሳይጸዱ እንደሚመለሱ መዝግበው ለሐኪሞቹ አሳዩ። መድኃኒቱ ግማሹ በዋዜማው፣ ግማሹ በምርመራው ዕለት ጠዋት እንዲሰጥ አስፈቀዱ። መመሪያውን በሥዕል አዘጋጁ። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ምን መምሰል እንዳለበት ለማሳየትም፣ ቀለም የነካው ውኃ በጠርሙስ ሞልተው መስኮት ላይ ደረደሩ። አንድ ጠያቂ ጭማቂ መስሏቸው አንዱን አጋምሰውት ተገኝተዋል፤ ሲስተር ድምፅ አውጥተው ሲስቁ የተሰሙት ያን ቀን ነው ይባላል።

ከሁሉ በላይ ግን ወንበር ስበው ይቀመጡ ነበር። በሌላ ብርጭቆ ለራሳቸው ውኃ ቀድተው፣ «ጠጡ» እያሉ፣ ሕመምተኛው አንድ ሲጠጣ እሳቸውም አንድ ይጠጣሉ። ውሎ አድሮ የሚመለሰው ከአሥር አንድ ብቻ ሆነ። ቤታቸው ግን ጠረጴዛው አጠገብ የነበረው ወንበር አንድ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡም ሁለተኛ አልገዙም።

አምና ግንቦት ላይ ታመው በሠሩበት ክፍል ሲተኙ፣ ቅጹ ላይ «አስታማሚ» በሚለው ቦታ «የለም» ብለው ጻፉ። ለእኛም አልነገሩንም። በማግስቱ አንጀታቸው ባለመጽዳቱ ምርመራው ተላለፈ። ተረኛዋ ነርስ ደውላ የእህታቸውን ልጅ ጠራቻት። መድኃኒቱን ደፍተውት ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «ልጄ፣ ለካ ብቻን ሲሆኑ አይወርድም» አሏት። ልጅቷ ወንበር ሳበች፣ ሁለተኛ ብርጭቆም አመጣች። እስከ መጨረሻው ጉንጭ አብረው ጠጡ። ምርመራው ተሳካ፤ ሕመሙ ግን ቀድሟቸዋል።

ስምንት ወር ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ከኋላቸው አንዲት እህትና አንዲት የእህት ልጅ ቀርተዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ በሄዱበትም ወንበር ስቦ አጠገባቸው የሚቀመጥ አያሳጣቸው።