ወደ ላይ እንዳታዪ

ውድ ድምቡሼ፣

ያን ቀን ስልኩን ከዘጋህብኝ ወዲህ ብደውል ብደውል አይነሳም። «እትዬ፣ ግቢዋ ውስጥ ልብስ የምታሰጣ አንዲት ሴት ነበረች። የገደልኳት እኔ ነኝ። ቤትሽ ብመጣ ታስገቢኛለሽ?» አልክና ጠፋህ። መልሴን እንኳ ሳትሰማ! ድሮም ጠይቀህ መልስ መጠበቅ አታውቅበትም። እንግዲህ በወረቀት ልመልስልህ።

መጀመሪያ ግን አንድ ጉድ ላውራህ። ባለፈው ወር ፊልም ሠሪዎች የጎረቤቴን ግቢ ተከራይተው፣ እኔም መርፌና ክር ይዤ የተዋንያኑን ልብስ ስጠግን ሰነበትኩ። አንድ ቀን ልብስ አስጪ ሆና የምትሠራዋ ልጅ ታመመችና ዳይሬክተሩ «እናት፣ በይ አንቺ ግቢ» አለኝ። ቀረጻውን ሊያይ የመጣው የሰፈራችን ባለሱቅ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«በስተርጅና ኮከብ ሆንሽልን!»

«ቆይ፣ ፊርማዬን ስትለምነኝ እንተያያለን!» አልኩት።

ዳይሬክተሩ «ሥራሽ ማስጣት ብቻ ነው፤ ወደ ላይ ግን እንዳታዪ» አለኝ።

«ለምን?»

«ከላይ የሚያይሽ ድሮን እንዳለ አታውቂማ።»

የፊልሙ ታሪክ እንዲህ ነው። ቤቱ ውስጥ፣ አውቶቡስ ተራ ላይ ቦምብ ሊያፈነዳ የተዘጋጀ ሰው አለ። አንድ ወታደር ከሩቅ ክፍል ሆኖ በስክሪን ያየዋል። ቢመታው እኔም አብሬ እሞታለሁ፤ ቢተወው ነገ የአውቶቡስ ተራው ሰው ያልቃል። አለቃው «ምታ!» ይለዋል፤ እሱ «አስጥታ ትጨርስና ትውጣ» ይላል።

ሁለት መጨረሻ ቀረጹ። በአንዱ የልብስ መቆንጠጫ ልዋስ ስወጣ እተርፋለሁ፤ በሌላው አቧራ ነስንሰውብኝ ተጋደምኩ። «የቱ ነው ልኩ?» ብዬ ዳይሬክተሩን ስጠይቀው፣ «እናት፣ እኔም አልቆረጠልኝም» አለኝ።

ከዚያ ከላይ የተቀረጸውን በስክሪን አሳዩኝ። ድምቡሼ፣ ከላይ ሲታይ ሰው ለካ ፊት የለውም! ራስና ጥላ ብቻ። ራሴን የለየሁት እርጥቡን አንሶላ ሁለቴ አራግፌ ስሰቅል ነው። ያ ጥያቄህ ትዝ አለኝ። ባለፈው ስትመጣ ደጃፍ ተቀምጠህ «እትዬ፣ ሁሌ ሁለቴ ነው እንዴ የምታራግፊው?» አላልከኝም? «ከኮምፒውተር ሥራ ወደ አጣቢ ቁጥጥር አዛወሩህ?» ብዬ ሳቅኩ። አንተ አልሳቅክም። ገብተህ በሩን ዘጋህ፤ በማግስቱ ሳትሰናበተኝ ሄድክ። እናታችን እኮ እስክትሞት «የኔ ልጅ ወታደር ቢሆንም ቢሮ ነው የሚውለው፣ ጥይት አያገኘውም» እያለች ትኮራብህ ነበር።

መልሴ ይኸውልህ። ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ ውሸት ነው። ይቅርታው የዚያች ሴት እንጂ የኔ አይደለም። እኔ ስሞት «በቃ፣ ተነሺ» ተባልኩ፤ አቧራዬን አራገፉልኝ፣ ሻይ ሰጡኝ፣ ባለሱቁ አጨበጨበልኝ። እሷን ተነሺ ያላት የለም። የፈለጋችሁት ሰውዬስ እውነት ቤቷ ውስጥ ነበር? የፈራችሁላቸው ሰዎችስ ተረፉ? ስትመጣ እጠይቅሃለሁ፤ ዝም ብዬ አላልፍህም።

ግን ና። አስገባሃለሁ። የእናታችንን አልጋ አንጥፌልሃለሁ። የልብስ ገመዱንም ከግቢ አንስቼ ኮሪደሩ ውስጥ ወጥሬዋለሁ፤ ልብሱ ቶሎ አይደርቅም፣ ቤቱም እርጥበት እርጥበት ይሸታል፣ ግድ የለም።

አንድ ነገር ብቻ አልደብቅህም። ከዚያ ወዲህ ደጅ በወጣሁ ቁጥር ወደ ላይ አያለሁ። የምፈራው አንተን ይሁን ላንተ፣ እኔም አልለየሁትም።

በሩን ሳትቆልፍ የምትጠብቅህ፣
እትዬ